የሾፓን ኖታ ስታነጻጽሩ እንደ ምርጫ ድምፅ አትቁጠሩ

የድሮ ፒያኖ ኖታ ኤዲት የምታደርጉ፣ ማኑስክሪፕቱን (የእጅ ጽሑፉን)ና የመጀመሪያዎቹን ህትመቶች ደርድራችሁ «ሁለት ለአንድ» ማለት ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ እዩ። የፒያኖ አቀናባሪው ሾፓን ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 28 ፕሬሉዶች፣ ማለትም አጫጭር የፒያኖ ቁራጮች፣ በፈረንጆቹ 1839 ፓሪስም ላይፕዚግም ለንደንም ታትመዋል፣ ግን የፓሪሱ ከራሱ ከሾፓን እጅ ጽሑፍ ነው የተቀረፀው፣ የላይፕዚጉ ጓደኛው ፎንታና ከገለበጠው ኮፒ፣ የለንደኑ ደሞ የፓሪሱን ተከትሎ ነው የሄደው፤ እና ፓሪስና ለንደን ተስማሙ ማለት ሁለት ምስክር አገኛችሁ ማለት አይደለም፣ አንዱ ሰውዬ ሁለቴ ተናገረ በሉት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘለው የሾፓን ተማሪዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩት የታተሙ ኮፒዎች ናቸው። ከፕሬሉዶቹ ቁጥር 20ን፣ ሲ ማይነሩን ክፈቱት። 3ኛው ሜዠር የመጨረሻው ኮርድ ላይ ያለችው ኢ እጅ ጽሑፉ ላይ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት) የላትም፣ እንዳለ ካነበባችሁት ናቹራል (ዝቅ ያላለች) ናት፣ በተማሪዋ በጄን ስተርሊንግ ኮፒ ላይ ግን ፍላቷ በእርሳስ ተጨምራለች። ሰዉ እስካሁን ይከራከርባታል 😄 እኔ ብሆን ፍላቷን ዋናው ኖታ ላይ አድርጌ ናቹራሉን ከስር በማስታወሻ እጽፋለሁ፣ ብቻ ዝም ብላችሁ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትደብቁት፣ የሚጫወተው ሰው ይወቀው።

ደሞ የፕሌት (ኖታው ተቀርጾ የሚታተምበት የብረት ሰሌዳ) ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ህትመቱም አንድ ነው እንዳትሉ፣ አሳታሚዎቹ ፕሌቱን እየነካኩ በዛው ቁጥር ደጋግመው ያትሙ ነበር፣ ስለዚህ ከአንድ ላይብረሪ ስካን ብቻ አትነሱ፣ ቢያንስ ሁለት ኮፒ ጎን ለጎን ክፈቱ።