ለአራስ ወገብ ሕመም፦ ከሚጠጣው የሚቀባው
እንኳን ማርያም ማረችሽ! ገልፍ አገር ሆነሽ ከሕንድ ኬረላ ግዛት የመጣች ጎረቤት ካለችሽ «ዳሻሙላሪሽታም ጠጪ» ማለቷ አይቀርም። በ10 ዕፅዋት ሥር የሚዘጋጅ የአዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) መድኃኒት ነው። እንደ ጠጅ ስለሚብላላ ግን አልኮል አለው፤ የምታጠቢ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሪ አትጠጪው።

ለወገብ እኔ የምመርጠው ዳንዋንታራም የሚባለውን የሰሊጥ ዘይት ቅባት ነው። እሳት ላይ እንዳትጥጂው። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሚው፣ ለብ ሲል እጅሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪው፣ ከዚያ ቀስ ተደርጎ ይታሽልሽ። በኦፕሬሽን ከወለድሽ ቁስሉ ሳይድን ሆድሽን አትታሺ።

አንዳንድ የአዩርቬዳ ክኒንና ዱቄት ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ተገኝቷል። ምንጩን የማታውቂውን በፍጹም እንዳትውጪ። ትኩሳት ካለሽ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሰሽ፣ አንድ እግርሽም ካበጠ፣ ሳትታሺ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂጂ።