ከመርከብ ወለል ወደ ኮክፒት፦ የቀድሞ መርከበኛ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ላይ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ባሕር ኃይል የነበሩት እርስዎ ነዎት አሉ?» ብሎ አስቆመኝ። ፒያሳ ተወልዶ ያደገ፣ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የሄደ፣ እዚያም አራት ዓመት በባሕር ኃይል ያገለገለ ልጅ ነው። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ታኮና ሰንሰለት ሲያመላልስ ኖሯል። አሁን ዲግሪውን ይዞ፣ ጎማዋ ሥር ታኮ ያደርግላት የነበረችውን ጄት ራሴ ላብርራት ብሏል።

እኔም በጊዜዬ ያንኑ የአሜሪካ ጦር አብራሪ መኮንንነት በር አንኳኩቼ ሳይከፈትልኝ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ከታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ ግማሹን ደግሞ እሱ ሊሠራቸው ሲል ነው የደረስኩት። «አንተ» እያልኩ የምጽፈው ልጁን እያሰብኩ ስለሆነ ነው እንጂ እህቶቼም እዚሁ ውስጥ ናችሁ።

«ቤቱን አውቀዋለሁ» ብሎ መጀመር

ያኔ ያስፈረመህ መልማይ ስልኩ እጅህ ላይ አለ። ለእሱ ትደውላለህ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። የመኮንኖች ምልመላ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሒሳብ ነው። ተራ ወታደር የሚመለምለው ሰው አንተን በቀድሞው ማዕረግህ ቢመልስህ ይቆጠርለታል፤ ዕጩ መኮንን ብትሆን ግን ለእሱ ምንም አይደለም። «መጀመሪያ ተመልሰህ ግባ፣ ከውስጥ ሆነህ ታመለክታለህ» ካለህ አትቸኩል። እኔ ይህችን ምክር ሰምቼ ሁለት ዓመት ከፍያለሁ። ስትደውል «የመኮንን መልማይ ነው የምፈልገው፣ ለአብራሪነት ነው» ብለህ ጀምር። ዲግሪህ ኢንጂነሪንግ ካልሆነ አይሆንም የሚልህም አለ፤ የየትኛውም ትምህርት ባችለር ዲግሪ ይዘህ ማመልከት ትችላለህ።

ከአዲስ አበባ የምትደውል ከሆነ ሰዓቱንም አስብ። በዋሽንግተን ቢሮ ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት እኛ ጋ በክረምት ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ ደግሞ 11። ልጁ በአዲስ አበባ ጠዋት እየደወለ «አያነሱም» ሲል ነበር። እዚያ እኮ ሌሊት ነው።

«ጨርሻለሁ» ማለት

አራት ዓመት አገልግለህ ስትሰናበት የወጣህ ይመስልሃል። የፈረምከው ውል ግን አብዛኛውን ጊዜ የስምንት ዓመት ነው፤ ቀሪው አራት ዓመት ስምህ በተጠባባቂ መዝገብ ላይ ይቆያል። ይህ መቼ ይሰማሃል? ወደ አየር ኃይል ወይም ወደ ምድር ጦር ልሻገር ስትል። ያኔ ባሕር ኃይሉ የሚለቅህ በዲዲ 368 ቅጽ ነው፤ ያለ እሱ የተቀባዩ ክፍል መልማይ ፋይልህን ወደፊት አይገፋውም።

የስንብት ወረቀትህም ዲዲ 214 አንድ ብቻ አይደለም። ልጁ ያሳየኝ አጭሩን ቅጂ ነበር። የሚፈለገው «ሜምበር 4» የሚባለው፣ የስንብቱን ዓይነትና እንደገና የመግባት ኮድህን የያዘው ነው። ኮድህ አርኢ-4፣ ማለትም «ተመልሶ እንዲገባ አይመከርም» የሚለው፣ ከሆነ ከሁሉ በፊት ስለ እሱ ከመልማዩ ጋር ተነጋገር። እግረ መንገድህን የአገልግሎት ቀኖችህን ቁጠር፤ በተራ ወታደርነት ከአራት ዓመት በላይ በመደበኛ አገልግሎት የቆየ ሰው ምክትል መቶ አለቃ ሲሆን ደመወዙ ከሌላው አዲስ መኮንን ከፍ ይላል። «በላይ» ማለት አንዲት ቀን ብትሆንም ናት።

ግሪን ካርድ ይበቃል ብሎ ማሰብ

ለተራ ወታደርነት በቅቶሃል፤ ለመኮንንነት አይበቃም። የአሜሪካ ዜግነት የግድ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ ያንን ስትይዝ ይህንን ለቀሃል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያወጣኸው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለ፣ ለጉዞ የሚያገለግል የሌላ አገር መታወቂያ ስለሆነ በደኅንነት ማጣሪያው ላይ ጻፈው።

ወረቀት ላይ ሁለት ሰው መሆን

ለአብራሪነት ኤስኤፍ 86 የተባለውን የደኅንነት ማጣሪያ ቅጽ ትሞላለህ። የአበሻ ልጅ ከፈተናው ይልቅ እዚህ ላይ ነው የሚላብ።

መጀመሪያ የልደት ቀን። ልጁ የተወለደው ኅዳር 5 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የሆነ ሰው ስምንት ደምሮ «1998» ብሎ ጽፎለታል። ትክክለኛው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1997 ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ ድረስ የሚደመረው ሰባት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። ፓስፖርቱ በትክክለኛው ሲወጣ የትምህርት ማስረጃው በስህተተኛው ቀርቷል። አንድ ዓመት ያነሰበት ወረቀት የዕድሜ ጣሪያ ላለበት ሥራ ሲመጣ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። መፍትሔው ወረቀት መፋቅ አይደለም። የዜግነት ሰርተፊኬትህ ላይ ባለው ቀን ሁሉንም ቅጽ ሙላ፣ በማብራሪያው ቦታ ላይ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በሁለት መስመር አስረዳ። የዘመን አቆጣጠር ልዩነት መሆኑን ሲያነቡ ይገባቸዋል፤ ያልተነገራቸውን ሲያገኙ ግን አይገባቸውም።

ቀጥሎ ስም። ወንድምህ የአባትህን ስም በአንድ ፊደል ለውጦ ጽፎት ሊሆን ይችላል፣ እናትህ ደግሞ የራሷን አባት ስም ስለምትይዝ ከአንተ ጋር አንድ ቃል አትጋራም። «የእናትህ የቤተሰብ ስም ለምን ሌላ ሆነ?» ሲባል አትደናገጥ፣ አስቀድመህ ጻፈው።

አድራሻ ደግሞ አለ። ቅጹ የአሥር ዓመት መኖሪያህን፣ ለቅርቦቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ እዚያ ስትኖር የሚያውቅህን ሰው ይጠይቃል። የልጁ እናት ቤት ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ቤት ቁጥሩም፣ ጎረቤቱም፣ ጥግ ላይ የነበረው ሱቅም አብረው ሄዱ፤ እናቱ አሁን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናቸው። እሱም የእናቱን አዲስ አድራሻ ለሁሉም ዓመት ሊሞላው ነበር። አይደለም፤ በኖርክበት ጊዜ የነበረውን ወረዳና ቤት ቁጥር እንደነበረ ጻፍ፣ ቤቱ እንደፈረሰ ግለጽ፣ ከተበተኑት ጎረቤቶች አንዱን ፈልገህ ስልካቸውን ያዝ። እኛ ያገኘናቸው ለቡና የሚጠራሩ አንዲት እናት ነበሩ፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የት እንደገባ በቃላቸው ያውቃሉ።

ጫቱንና ዘመዱን መደበቅ

ይህን ጉዳይ ማንም ጮክ ብሎ አያወራውም። ለዕረፍት አዲስ አበባ ትመጣለህ፣ ጓደኞችህ ቤት ትገባለህ፣ ፍራሽ ተነጥፏል። እዚህ ነውር ቢሆን እንኳ ወንጀል አይደለም። ካቲኖን የሚባለው የጫት ንጥረ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ሄሮይን ካለበት ከመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው። ቅጹ ያለፉትን ሰባት ዓመታት የዕፅ አጠቃቀም ይጠይቃል። «ቅጠል እኮ ነው» የሚል ሳጥን የለውም።

ከዛሬ ጀምሮ ተው፤ ያለፈውን ደግሞ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰህ ጻፍ። የተጻፈውን መዝነው ይወስናሉ፣ አንዳንዴም ይተዉታል። ሆን ብለህ በሐሰት የሞላኸው ቅጽ ግን ራሱ ወንጀል ነው፣ ሽንትህ ንጹሕ ቢሆንም።

ዘመድም እንዲሁ ነው። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ሁሉም ይጻፋሉ። በየወሩ የምትልከው ብርም ይጠየቃል፤ ለሌላ አገር ዜጋ የምታደርገው ድጋፍ ነውና። ልጁ ለእናቱ የሚልከውን ሊዘል ነበር፣ «ያሳፍራል» ብሎ። እናትን መጦር የሚያሳፍረው ከመቼ ጀምሮ ነው? የላክህበትን ደረሰኝ ሰብስብ፣ መጠኑን ጻፍ።

ሰሜን የት እንደሆነ ሳያውቁ መፈተን

የባሕር ኃይሉ የበረራ መምረጫ ፈተና ኤኤስቲቢ ይባላል። በዕድሜ ልክህ ሦስት ጊዜ ብቻ ትወስደዋለህ፤ ከመጀመሪያው በኋላ 30 ቀን፣ ከሁለተኛው በኋላ 90 ቀን ትጠብቃለህ። «ልሞክረውና ልየው» የሚባልበት ፈተና አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን እንዲሁ ሞከርኩት፣ አየሁትም።

ሒሳቡና ንባቡ በጥናት ይገፋል። ሜካኒኩም እንዲሁ፤ መዘውር፣ ጥርስና ጥርስ፣ የፈሳሽ ግፊት ነው። የሚያስደነግጠው የመሪው ክፍል ነው። በአንድ እጅህ መሪ፣ በሌላው የኃይል መስጫ፣ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ። ሁለቱ ጆሮዎችህ የተለያየ ፊደልና ቁጥር ይሰማሉ፤ አንተ የታዘዝከውን ጆሮ ብቻ አዳምጠህ ቁጥሩ ተጋማሽ ከሆነ አንዱን፣ ኢተጋማሽ ከሆነ ሌላውን ቁልፍ ትጫናለህ። ሳትቋረጥ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የምትሸሽ ኢላማ ታሳድዳለህ።

ሌላም አለ። ድሮን ወደ አንድ አቅጣጫ እየበረረች ከላይ ያየችውን ታሳይሃለች፣ «የምሥራቁን መኪና ማቆሚያ ምረጥ» ትባላለህ፣ ሰዓት ይቆጠራል። እኛ አዲስ አበቦች እዚህ ላይ እንወድቃለን። አቅጣጫ የምንናገረው «ከአምባሳደር ዝቅ ብሎ»፣ «ከማዘጋጃ ከፍ ብሎ» እያልን ነው፤ ሰሜንና ደቡብ ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ ቀርተዋል። ስለዚህ ልጁን ቸርችል ጎዳና ወሰድኩት። ከማዘጋጃ ወደ ለገሃር ስትወርድ ፊትህ ወደ ደቡብ ነው፣ ቀኝህ ምዕራብ። ዞረህ ስትወጣ ያው ሕንፃ በግራህ ይሆናል፣ ግን አሁንም ምዕራብ ነው። መታጠፊያ በደረስን ቁጥር «ምሥራቅ!» እያልኩ ስጮህ እጁን ይዘረጋል። መንገደኛው ቆሞ አየን፤ አንድ ሊስትሮ ሰባኪ መስለነው ተሳለመን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ሳያስብ መጠቆም ጀመረ።

በነገራችን ላይ፣ ከቦሌ ተነስተህ ዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ በወረድክ ማግስት ፈተና አትያዝ። የእንቅልፍህ ሰዓት እስኪስተካከል አንድ ሳምንት ስጠው።

ዓይንን መጀመሪያ አስነክቶ ኋላ መጠየቅ

በሌዘር የታከመ ዓይን በሩን አይዘጋም፤ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ከሕክምናው በፊት የነበረው የዓይንህ ልኬት ታይቶ ነው። ያለ ሰነድ ከታከምክ፣ ጥርት አድርገህ ብታይም ማስረጃ የለህም። የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት ፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ ያሉት የበረራ ሐኪሞች ናቸው፤ የመነጽር ቤቱ ባለሙያ አይደለም።

መርከበኛ ሁሉ ዋናተኛ ነው ማለት

ሳቅ የሚያመጣ ነው፤ መርከበኛ ስትሆን የተፈተንከው 50 ያርድ ነበር። የባሕር ኃይል አብራሪ ሠልጣኝ ግን የበረራ ቱታውን ለብሶ አንድ ማይል ይዋኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴል መዋኛ ውድ ነው፣ ቢሆንም ክፈል። ሩጫው ላይ ግን ራስህን አትቅጣ፤ እዚህ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነህ፣ ጃንሜዳ ላይ የሮጥካት 2.4 ኪሎ ሜትር እዚያ ትፈጥናለች።

አንድ በር ብቻ ማየት

አየር ኃይልም ያበርራል፤ የመኮንን ማሠልጠኛው ሞንትጎመሪ፣ አላባማ ነው፣ በግልህ የበረርክባቸው ሰዓታትም ነጥብ ይጨምሩልሃል። ምድር ጦር ደግሞ ሄሊኮፕተር የሚያበርሩ ዋራንት ኦፊሰሮችን (በተራ ወታደርና በመኮንን መካከል ያሉ ባለሙያ ሹማምንትን) ያለ ዲግሪ ይቀበላል፤ የመግቢያ ፈተናውን ግን በዕድሜህ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምትወስደው። የየክፍሉ የዕድሜ ጣሪያ ይለያያል፣ ይቀያየራልም፤ ያለፈው ዓመት ዩቲዩብ ላይ አትደገፍ፣ የዘንድሮውን መመሪያ ከመልማዩ ጠይቅ። የጂአይ ቢል (የቀድሞ ወታደር የትምህርት ድጎማ) ገንዘብህን ይዘህ በረራ ትምህርት ቤት ከመሮጥህ በፊትም እወቅ፤ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ውስጥ ካልሆነ በቀር የመጀመሪያውን የግል አብራሪ ፈቃድ አይከፍልልህም።

ዓመቱን ደምር። የአየር ኃይል የአገልግሎት ግዴታ ሥልጠናውን ከጨረስክበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ነው፤ የባሕር ኃይል ጄት ደግሞ የአብራሪነት ምልክት የሆነውን ክንፍህን ካገኘህ በኋላ 8። ሥልጠናው ራሱ ሁለት ዓመት ገደማ ይበላል። ይህን ለልጁ እናት ስነግራቸው የጠየቁኝ ስለ ጦርነት አልነበረም፤ «ታዲያ ሠርጉ መቼ ሊሆን ነው?» ነው ያሉት።

«ከልጅነቴ ጀምሮ» ብሎ መጻፍ

ለምን አብራሪ መኮንን መሆን እንደምትፈልግ አጭር ጽሑፍ ታስገባለህ። የልጁ የመጀመሪያ ረቂቅ «ከልጅነቴ ጀምሮ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ እያየሁ» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ሁላችንም አይተናል። «መርከቧ ላይ በእጅህ ምን ሠራህ?» አልኩት። ዝም አለ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ከዚያ አንድ ሌሊት ነገረኝ፤ ዝናብ፣ የምትንገዋለል መርከብ፣ ለመጎተት የተዘጋጀች ጄት። አንዲት ሰንሰለት ሳትፈታ መቅረቷን አይቶ እሱ፣ ከሁሉም ዝቅተኛው፣ እጁን አጣምሮ ትራክተሩን አስቆመ። አለቃው መጀመሪያ ተቆጣው፣ ቀጥሎ ባትሪውን አብርቶ አየ።

«ይህን ለምን አልጻፍከውም?» ስለው «ትንሽ ነገር ነው ብዬ» አለኝ። ሁለተኛው ረቂቅ የሚጀምረው ከሰንሰለቷ ነው።