ከኑክሌር ነዳጅ ቅንጣት ምን ያህል ያመልጣል? መጀመሪያ በእጅ አስሉት

አዲስ ሰው ይህን ሥራ ልማር ብሎ አጠገቤ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምለው አንድ ነው፦ የኮምፒውተር ኮዱን ዝጋው፣ ወረቀትና ካልኩሌተር አምጣ።

የምናሰላው ከትራይሶ ቅንጣት፣ ማለትም በሽፋን ከተጠቀለለች ደቃቅ የኑክሌር ነዳጅ እንክብል፣ ምን ያህል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር እንደሚያመልጥ ነው። ስፋቷ 1 ሚሊሜትር አይሞላም። መሃሏ ላይ የዩራኒየም እምብርት አለ። ዙሪያዋን አራት ሽፋን ለብሳለች፦ ቀዳዳ የበዛበት ካርቦን፣ ጥቅጥቅ ያለ ካርቦን፣ ሲሊከን ካርባይድ፣ እንደገና ጥቅጥቅ ያለ ካርቦን። ዋናው ዘበኛ ሲሊከን ካርባይዱ ነው። ውፍረቱ 35 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ፊሽን (የዩራኒየም አቶም መሰንጠቅ) የፈጠራቸው ንጥረ ነገሮች ይህን ግድግዳ መቼ ያልፉታል? ጥያቄው ይኸው ነው።

በብር ጀምሩ። ብር-110ኤም የሚባለውን ራዲዮአክቲቭ የብር ዓይነት (አይሶቶፕ) ማለቴ ነው። ምንም ያልተሰነጠቀ ሲሊከን ካርባይድን እንኳ ሰርጎ ስለሚያልፍ ሞዴላችሁን ወዲያው ይፈትነዋል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ሰነድ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉለት፦ መነሻው 3.6 × 10⁻⁹ ካሬ ሜትር በሰከንድ፣ አክቲቬሽን ኢነርጂው (ብሩ ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል) 215 ኪሎጁል በሞል። ኢነርጂውን ወደ ጁል ቀይሩና ለ8.314 (የጋዝ ቋሚ ቁጥር) እና ለኬልቪን ሙቀቱ ብዜት አካፍሉት። ቀናሽ ምልክት ሰጥታችሁ ኤክስፖኔንሺያሉን አውጡ፣ በመነሻው አባዙት። በ1200 ዲግሪ ሴልሺየስ 8.5 × 10⁻¹⁷ ይመጣል። የዲፊውዥን መለኪያችሁ፣ ማለትም ብሩ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሰርግ የሚናገረው ቁጥር፣ ይህ ነው።

አሁን የግድግዳውን ውፍረት በራሱ አባዙና ለዚህ መለኪያ 6 እጥፍ አካፍሉት። 28 ቀን ገደማ ታገኛላችሁ። ብሩ በወዲያኛው በኩል በደንብ መፍሰስ እስኪጀምር የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሙቀቱን ወደ 1000 ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት። 435 ቀን ገደማ ሆነ! የብር-110ኤም ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 250 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ በ1000 ዲግሪ ብዙው መንገድ ላይ እያለ ይፈርሳል። በ1200 ግን አብዛኛው ሳይፈርስ ይደርሳል። ለዚህ ነው አማካይ ሙቀት አስገብቶ መገላገል የማይቻለው። ቅንጣቷ ያሳለፈችውን የሙቀት ታሪክ በሙሉ ለሞዴሉ ስጡት። ጥቂት የጋሉ ቀናት ብዙ ቀዝቃዛ ወራትን ይበልጣሉ።

እኔ ራሴ አንዴ ሴልሺየሱን ወደ ኬልቪን ሳልቀይር አስገባሁት። ኮዱ ምንም አላለም፤ ግራፉም ያማረ ነበር። መለኪያው ግን ከ50 እጥፍ በላይ አንሶ ነበር። ያዳነኝ ወረቀት ላይ የጻፍኩት 28 ቀን ነው። ከኮዱ ጋር ጨርሶ አልገጠመም።

ከዚህ በኋላ ኮዱን ክፈቱ። ቅንጣቷን እንደ ሽንኩርት በቀጫጭን ድርብርብ ክፈሏት፤ ሲሊከን ካርባይዱ ላይ ክፍፍሉን አብዙት፣ ትልቁ የመጠን ልዩነት እዚያ ነውና። በየእርምጃው የተፈጠረው መጠን ውስጥ ከቀረው፣ ከወጣውና ከፈረሰው ድምር ጋር እኩል መሆኑን እዩ። ካልገጠመ አትቀጥሉ።

ሲዚየም-137 ላይ ስትደርሱ አካሄዱ ይለወጣል። ደህና ሲሊከን ካርባይድ በተለመደው የሥራ ሙቀት ሲዚየምን አጥብቆ ይይዛል። የሚወጣው በዋናነት ከተበላሹ ጥቂት ቅንጣቶችና ከሽፋኑ ውጭ ከቀረ የዩራኒየም ብናኝ ነው። ቅንጣቶቹ በግራፋይት ኳስ ውስጥ ይታቀፋሉ፤ አንድ የነዳጅ ኳስ 12,000 ያህል ቅንጣት ሊይዝ ይችላል። ከ100,000 አንዷ ብልሹ ናት ካልን፣ በ8 ኳስ አንድ ገደማ ትደርሳለች ማለት ነው። የብልሹዎቹን ልቀት ለማካካት ብሎ በሞዴሉ ውስጥ የሁሉንም ቅንጣት ሽፋን በትንሹ ማሳሳት ትልቅ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለች ቅንጣት በዓለም ላይ የለችም። ደህናዎቹን ለብቻ፣ ሲሊከን ካርባይዳቸው የተሰነጠቀውን ለብቻ፣ እምብርታቸው የተጋለጠውን ለብቻ አስሉ። እያንዳንዱን በድርሻው አባዙና ደምሩ፤ ብናኙንም ጨምሩበት።

የመጨረሻው ግራፋይቱ ነው። ሲዚየምና ስትሮንቲየም እሱ ላይ ይጣበቃሉ፣ ክሪፕተን ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ሪፖርታችሁ ላይ ሁለት ዓምድ አድርጉ፦ ከቅንጣቱ የወጣው፣ ከኳሱ የወጣው።