የጡት ካንሰር ሕክምና ካለፈ በኋላ የሆርሞን መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ

ቀዶ ሕክምናው፣ ኬሞውና ጨረሩ ካለፈ በኋላ፣ ዕጢያቸው ኢስትሮጅን በተባለው የሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ለሆነ ሴቶች በብዛት የሚታዘዘው ታሞክሲፈን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዶችም እስከ 10 ዓመት ይዋጣል። መድኃኒቱ ሆርሞኑ በጡት ሕዋስ ላይ እንዳይሠራ ይከለክላል እንጂ ሲሠራ አይታወቅም፤ ብዙዎች የሚተዉትም ደህና ነኝ ባሉ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን ከቤት ልማድ ጋር ማሰር ይበጃል። መድኃኒቱ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚዋጥ፣ እኔ የምመክረው ከመግሪብ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው፤ ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ አያዛባውም፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ በሚኖርበት ወሎም ጎረቤት ለጎረቤት ማስታወስ ትችላለች። አንድ ቀን ቢያመልጥ በማግስቱ ሁለት አይዋጥም።

በስትሪፑ (ክኒኖቹ በተደረደሩበት ማሸጊያ) ጀርባ ላይ የጀመሩበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉ። የመጨረሻውን ስትሪፕ የከፈቱበት ቀን መድኃኒት ቤት የሚሄዱበት ቀን ይሁን፤ ከወረኢሉ ወይም ከመካነ ሰላም ደሴ ለሚመላለሱ ደግሞ ክረምት ሳይገባ የአንድ ወር ትርፍ መያዝ ከመንገድ ጣጣ ያድናል።

በጣም የሚያስመርረው ድንገተኛው ወበቅና የሌሊት ላብ ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ወፍራም ጋቢ መደረብ የተለመደ ቢሆንም፣ አንዱን ገፍተው ሌላውን እንዲያስቀሩ ሁለት ሳሳ ያሉ ልብሶች ይሻላሉ። ቡና ሲፈላ ከምድጃው ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ አቦሉን አሳልፈው በረካውን ቀዝቀዝ አድርገው ቢጠጡ የሚቀየም የለም።

ለቀጠሮ የማይቆዩም ነገሮች አሉ። ካረጡ በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጭ ደም ከታየ የማህፀን ምርመራ ያስፈልጋል፤ አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ ግድ ነው። መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ መከላከያው ሆርሞን የሌለው፣ ለምሳሌ የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም፣ መሆን አለበት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን እና የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሴቲን የታሞክሲፈንን ኃይል ሊቀንሱ ስለሚችሉ፣ ሌላ መድኃኒት ለሚያዝ ሐኪም ሁሉ አስቀድመው ስትሪፑን ያሳዩ።

ያረጡ ሴቶች አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል የተባሉ ሌሎች የሆርሞን መድኃኒቶች ሊታዘዙላቸው ይችላሉ፤ እነዚህ አጥንት ስለሚያሳሱ የአጥንት ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ክትትሉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ኋላም በዓመት አንዴ ሲሆን፣ ማሞግራም (የጡት ራጅ) በየዓመቱ ይነሣል። ከብብት ንፍፊት የወጣላቸው በዚያ በኩል ያለው እጅ በቀላሉ ስለሚያብጥ እንጀራ ሲጋግሩ ከምጣዱ ቃጠሎ ይጠብቁት፤ ቢላጥ ወዲያው በሳሙና አጥበው ይሸፍኑት፣ ከቀላና ከሞቀም ሳያድሩ ይታዩ።