ደሴ ላይ ኬክ ለምን መሃሉ ይሰምጣል?

ለኢድ ወይም ለአራስ ጥየቃ ብላችሁ የጋገራችሁት ኬክ ከኦቨን ሲወጣ መሃሉ ስምጥ ብሎባችሁ ያውቃል? እጃችሁን አትውቀሱ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ሊጡ ሳይበስል ቶሎ ይነፋል፤ ከዚያ የሚደግፈው አጥቶ ይወድቃል። ስልክ ላይ የምናያቸው አሠራሮች ደግሞ በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተለኩ ናቸው።

እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የተገላገልኩት። ቤኪንግ ፓውደሩን ከተባለው ሩቡን እቀንሳለሁ። ከ1 ኩባያ ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ አጎድላለሁ። በ1 ኩባያ ወተት ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ እጨምራለሁ፤ ከፍታ ላይ እርጥበቱ ቶሎ ይተናልና። የኦቨኑን ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉና ከተባለው ሰዓት ቀደም ብላችሁ እዩት። እንቁላሉንም ብዙ አትምቱት። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ከተማችሁ ከደሴ ዝቅ ስለምትል ከዚህ ባነሰ ማስተካከያ ጀምሩ።

ደግሞ አደራ፣ በደንብ ሳይቀዘቅዝ እንዳትጠቀልሉት! በእንፋሎቱ ላዩ ረጥቦ ይልሞሰሞሳል። ማታ ጋግሩት፣ ጠዋት ጠቅልላችሁ ውሰዱት።