ሁሉም በአንድ ሰዓት እንዳይመለስ፦ ለድጋሚ ሙከራ የዘፈቀደ ቁጥር እንዴት ይመረጣል?

ቡሬ ውስጥ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው የወፍጮ ድምፅ ነው። ወዲያው የሰፈሩ ሰው ጤፉንና በቆሎውን ተሸክሞ ይወጣል። ሰልፉን ያየው ሁሉ «ከአንድ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ይመለሳል፤ ሰልፉም እንደነበረው ይሆናል። አንድ ባለወፍጮ ለአንዲት እናት «እማማ፣ አሁንም እኮ ከነዚያው ሰዎች ጋር ነው የመጡት» ሲላቸው ሰምቼ ስቄያለሁ።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። እህል በሚረከቡ መጋዘኖች ውስጥ ለተቀመጡ 38 ትንንሽ መሣሪያዎች ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላምና ደምበጫ ተበትነው የሚዛን ንባብ ደብረ ማርቆስ ወዳለ ሰርቨር ይልካሉ። ሰርቨሩ ካልመለሰላቸው የተወሰነ ጊዜ ጠብቀው ደግመው ይሞክራሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይመለሱ የጥበቃውን ርዝመት በዘፈቀደ ቁጥር፣ ብዙዎቻችን ራንደም በምንለው፣ እንዲወስኑ አድርጌ ነበር። ሆኖም መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ይወድቃል። መዝገቡን ስከፍት አንዱ መሣሪያ መጀመሪያ 1.7 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 3.2፣ ከዚያ 0.9 ጠብቋል። ሁለተኛውም 1.7፣ 3.2፣ 0.9። ሠላሳ ስምንቱም እንዲሁ። ዕጣ አወጣሁ ብዬ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ነበር ያደልኩት።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ያንን ስህተት ላለመድገም የምከተለው ነው።

1. የምትደግሙት ነገር ቢደገም እንደማይጎዳ አረጋግጡ

መልእክቱ ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ከጠፋ መሣሪያው እንዳልደረሰ ቆጥሮ ደግሞ ይልካል። ገበሬው ያስረከበው 5 ኩንታል 10 ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ርክክብ መለያ ቁጥር ስጡ፤ ሰርቨሩም ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ እንዳይመዘግበው አድርጉ። ይህ ሳይሠራ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

2. የጥበቃውን ጣሪያ ወስኑ፣ ከዚያ ከዜሮ እስከ ጣሪያው ዕጣ አውጡ

የተለመደው አሠራር ጣሪያውን ከእያንዳንዱ ውድቀት በኋላ እጥፍ ማድረግ ነው፦ 2 ሰከንድ፣ 4፣ 8፣ 16፣ እያለ እስከ 60 ድረስ፤ ከዚያ በላይ አይጨምርም። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ የጀመረው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የሬዲዮ ኔትወርክ፣ አሎሃኔት፣ በደሴቶች ላይ ያሉ ጣቢያዎች መልእክታቸው ሲጋጭ እያንዳንዳቸው በዘፈቀደ ጊዜ ጠብቀው እንዲደግሙ ያደርግ ነበር። ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ኢተርኔት ይህን ወርሶ እጥፍ ማድረጉን ጨመረበት፤ እስከ አሥረኛው ግጭት ክልሉን እያሰፋ ይሄዳል፣ ከ16 ሙከራ በኋላ ተስፋ ይቆርጣል። የእናንተም ፕሮግራም ተስፋ የሚቆርጥበት ቁጥር ይኑረው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰስታል። ጣሪያው 8 ሰከንድ ከሆነ «8 ሰከንድ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 10 በመቶ» ይላል። እንዲህ ከሆነ ሁሉም የሚመለሰው በ7.2 እና በ8.8 መካከል ባለች የ1.6 ሰከንድ ጠባብ በር ነው። ከዜሮ እስከ 8 ያለውን ሜዳ በሙሉ ተጠቀሙበት። አንዳንዱ ወዲያው ይመለሳል፣ ምንም አይደለም፤ የተፈለገው መበተኑ ነው።

3. ምንጩን ምረጡ

ሁለት ዓይነት ምንጭ ታገኛላችሁ። አንደኛው ከፕሮግራም ቋንቋው ጋር የሚመጣው ተራ ቁጥር አመንጪ ነው። ሁለተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚሰጠው፣ ለምስጢር ሥራ የሚታመነው ነው።

ልዩነታቸው መተንበይ ላይ ነው። ፓይዘን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጠቀምበት መርሴን ትዊስተር የተባለው አመንጪ 624 ተከታታይ ባለ 32 ቢት ውጤቶቹን ላየ ሰው ቀጣዮቹን በሙሉ አሳልፎ ይሰጠዋል። የባንክ ማረጋገጫ ኮድ በዚህ ቢወጣ ጉድ ነው። የደምበጫው ሚዛን ለ3.2 ሰከንድ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ያወቀ ሌባ ግን ምን ያተርፋል? ስለዚህ ለጥበቃ ጊዜ ተራው ይበቃል። በሌላ በኩል «ምስጢራዊው ቀርፋፋ ነው» የሚለውም ሙግት እዚህ ቦታ የለውም፤ በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ቁጥር ለሚጠይቅ ፕሮግራም ፍጥነቱ አይታወቅም። ሁለተኛው ቅርባችሁ ከሆነ እሱን ውሰዱ፣ አትከራከሩ።

የሚያከራክረው ሌላ ነገር ነው። ዕቁብ ሲጣል ወረቀቱ ሁሉ አንድ ዕቃ ውስጥ ገብቶ በሁሉም ፊት ይወጣል። መሣሪያዎች ግን ዕጣቸውን የሚያወጡት እያንዳንዳቸው ቤታቸው ካስቀመጡት የራሳቸው ዕቃ ነው። ዕቃዎቹ ውስጥ ወረቀቱ በአንድ ቅደም ተከተል ተደርድሮ ከሆነ የፈለገውን ያህል ጥሩ አመንጪ ብትመርጡ ሁሉም ያንኑ ያወጣል። ድርደራውን የሚወስነው መነሻ ቁጥር ዘር ይባላል።

ስለዚህ ቋንቋችሁ ዘሩን ከየት እንደሚያመጣ እወቁ። ፓይዘን ካልከለከላችሁት በቀር ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይወስዳል። ጃቫስክሪፕት ዘር እንድትሰጡት ራሱ አይፈቅድም፤ ለዚህ ሥራ መልካም ነው። ጃቫ ላይ ብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ካለ ለየትሬዱ የተለየውን አመንጪ ተጠቀሙ። ጎ ላይ ስሪት 1.20 እ.ኤ.አ. በ2023 እስኪወጣ ድረስ ተራው አመንጪ ዘር ካልተሰጠው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሣ ነበር። ሲ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ ዘር ካልሰጣችሁት 1 እንደሰጣችሁት ይቆጥረዋል። አርዱዪኖ የተባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳም በተነሣ ቁጥር ያንኑ ተከታታይ ይደግማል።

4. ዘሩን መርምሩ

እኔ ዘር አልረሳሁም ነበር። በየመማሪያው እንደሚታየው የሰዓቱን ሰከንድ ነበር የሰጠሁት። መሣሪያዎቹ ግን መብራት ሲጠፋ ሰዓታቸውን የሚያቆይ ባትሪ የላቸውም። ሲነሡ ኮምፒውተሮች ጊዜን ከሚቆጥሩበት መነሻ ይጀምራሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ከኢንተርኔት ሰዓት እስኪያስተካክሉ ድረስ ሠላሳ ስምንቱም ያቺ ሌሊት ላይ ናቸው፣ በዚያች ሌሊት ሦስተኛ ሰከንድ ላይ ይዘራሉ፣ አንድ ዓይነት አዝመራ ያጭዳሉ። ሰዓታቸው ትክክል ቢሆን እንኳ ብዙም አይረዳም፤ በአንድ መስመር ላይ ያሉ መጋዘኖች መብራት የሚያገኙት በአንድ ሰከንድ ነው።

መፍትሔው ዘሩ ውስጥ መሣሪያውን ከወንድሙ የሚለይ ነገር መክተት ነው። በኔትወርክ ካርዱ ላይ ያለው ባለ 48 ቢት አድራሻ ለዚህ ይሆናል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ለእያንዳንዱ የተለየ ነው። በእሱ ላይ መሣሪያው ስንተኛ ጊዜ እንደተነሣ የሚቆጥር ቁጥር ጨምሩበት፤ አለበለዚያ አንድ ቀን በአጋጣሚ የተገጣጠሙ ሁለት መሣሪያዎች መብራት በመጣ ቁጥር ይገጣጠማሉ።

ሁለቱን ግን እንዲያው አትደምሯቸው። ቁጥራቸው ተከታታይ የሆኑ ካርዶች በአንድ ካርቶን ነው የሚመጡት፤ ሰባተኛው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣና ስምንተኛው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ድምሩ እኩል 10 ነው። አንዱን ከሌላው አስከትላችሁ ጻፉና በሀሽ (የገባለትን አደባልቆ ሌላ ቁጥር በሚያወጣ ስሌት) ፈጭታችሁ ውጤቱን ዘር አድርጉት።

ኢኤስፒ32 የተባለውን ቺፕ የያዘ መሣሪያ ከሆነ ውስጡ የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣ ሃርድዌር አለው። የሚታመነው ግን ዋይፋዩ ወይም ብሉቱዙ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አትጠይቁት። ምንም ያልተሰካበትን ቀዳዳ ቮልቴጅ አንብቦ ዘር ማድረግ የሚባለውን ዘዴ ግን አልወደውም፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሰሌዳዎች የሚያነቡት ቁጥር ተቀራራቢ መሆን ይወዳል።

5. ከተዘራ በኋላ የሚባዛ ፕሮግራም ካለ እንደገና ዝሩ

ይህ የሰርቨር ሰዎች ጣጣ ነው። ፕሮግራሙ ዘሩን ከወሰደ በኋላ ራሱን ወደ ስምንት ሠራተኞች ቢያባዛ፣ ስምንቱም የአባታቸውን ዕቃ ከነድርደራው ይወርሳሉ። ፓይዘን ከ3.7 ጀምሮ ልጆቹን እንደገና ይዘራል፤ ነምፓይ የተባለው የፓይዘን የስሌት ጥቅል ግን የጋራ አመንጪውን እንደገና አይዘራም። ሥራ ላይ እያለ ምስሉ የተቀዳ ቨርቹዋል ማሽንም (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) በዚሁ ይጠረጠር።

6. በሰከንድ ሳይሆን በሚሊሰከንድ ቁጠሩ

ከ0 እስከ 4 ሙሉ ሰከንድ ዕጣ ካወጣችሁ ያሉት ቦታዎች አምስት ብቻ ናቸው። 38 መሣሪያዎች በአምስት ቦታ ሲከፋፈሉ ቢያንስ ስምንቱ አንድ ላይ መውደቃቸው አይቀርም፤ ይህ ሒሳብ እንጂ ዕድል አይደለም። ከ0 እስከ 4000 ሚሊሰከንድ ካላችሁ ቦታው 4001 ነው። ትልቅ ቁጥር ለ4001 ሲካፈል በሚቀረው ላይ ትንሽ መዛባት አለ ብሎ የሚያስፈራራ ሰው ቢመጣ ለጥበቃ ጊዜ አይጨነቅ፤ ባለ 32 ቢት ቁጥር ላይ መዛባቱ ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

7. ሁለት መሣሪያዎችን በአንድ የመብራት ማከፋፈያ ሰክታችሁ ፈትሹ

በኮምፒውተር ላይ ስትሞክሩት ፕሮግራሙ የቁጥር ምንጩን ከውጭ እንዲቀበል አድርጋችሁ ጻፉት፤ ለሙከራ የማይለወጥ ዘር ትሰጡታላችሁ፣ ውጤቱም ሁልጊዜ አንድ ይሆናል። ያ ዘር ወደ መጋዘን በሚሄደው ስሪት ውስጥ እንዳይቀር ከመላካችሁ በፊት ፈልጉት።

ከዚያ እውነተኛው ፈተና ይምጣ። ሁለት መሣሪያዎችን በአንድ ማከፋፈያ ሰኩ፣ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ማከፋፈያውን ራሱን ከግድግዳ ነቅላችሁ መልሱ። እያንዳንዳቸው የጠበቋቸውን የመጀመሪያ አሥር ጊዜያት ጎን ለጎን ጻፉ። ሦስት ጊዜ ድገሙት። አሥሩም ከተመሳሰሉ ዘሩ አንድ ነው። አንዱ መሣሪያ ካለፈው ዙር ራሱ ጋር ከተመሳሰለ ስንተኛ ጊዜ እንደተነሣ የሚቆጥረው ቁጥር አልተጻፈም። የመጀመሪያው ብቻ ተመሳስሎ ዘጠኙ ከተለያዩ ደግሞ ፕሮግራሙ ዘሩን ከመዝራቱ በፊት አንድ ዕጣ አውጥቷል፤ ዘር የሚሰጠውን መስመር ወደ ላይ ውሰዱት። ይኼኛው የእኔ ሁለተኛ ስህተት ነበር።