የከተማ ባቡር ገንዘብ ሲታቀድ የሚሠሩ ስህተቶች

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 34 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር ነበረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከባቡሮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለዋወጫ ዕጦት ቆሙ። ሐዲዱም ጣቢያውም እያለ ተሳፋሪው ወደ ታክሲ ሰልፍ ተመለሰ። እንዲህ ዓይነት ጉዳት በአብዛኛው የሚጀምረው ገና ውሉ ሲፈረም ነው።

የግንባታውን ወጪ እንደ ሙሉ ወጪ መቁጠር

የከተማ ባቡር 30 ዓመት ያህል ማገልገል ይችላል፤ ለዚያ ግን አጋማሹ ላይ ሙሉ እድሳት ያስፈልገዋል። እስከዚያም ቢሆን የብረት ጎማው ከሐዲዱ ጋር እየተፋተገ ቅርጹን ስለሚያጣ በየጊዜው በማሽን ይስተካከላል፤ ሲሳሳ ይቀየራል። ኩርባ ላይ ያለው ሐዲድ ቀጥ ካለው ቀድሞ ያልቃል። ጣሪያው ላይ ሆኖ ከሽቦው ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክንድ ጫፉ ላይ ያለው ካርቦን፣ የፍሬን ሸራው፣ የበሩ ሞተር፣ ሁሉም የየራሱ ዕድሜ አለው።

ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት የ30 ዓመት ሠንጠረዥ ይዘጋጅ። በእያንዳንዱ ዕቃ አንጻር ዕድሜው፣ ብዛቱ፣ ዋጋው እና በየትኛው ገንዘብ እንደሚገዛ ይጻፍ። ውሉ ውስጥ ደግሞ ሦስት ነገሮች ይካተቱ፦ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚበቃ መለዋወጫ፣ የዕቃዎቹ ሙሉ የቴክኒክ ሥዕል፣ ከሌላ አቅራቢም የመግዛት መብት። እነዚህን በድርድሩ ወቅት ማግኘት ይቻላል፤ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ግን ዋጋ የሚተምነው ሻጩ ብቻ ነው።

በዶላር ተበድሮ በብር መሰብሰብ

የአዲስ አበባው ወጪ 85 በመቶ የተሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። የትኬቱ ዋጋ ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። አንድ የ1,000 ዶላር መለዋወጫ እንውሰድ። ሥራው ሲጀመር ዶላር 21 ብር አካባቢ ስለነበር ዕቃውን ለመግዛት የ5,250 ሰው የ4 ብር ትኬት ይበቃ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር 100 ብር አለፈ፤ ያው ዕቃ በዚያው ትኬት ከ25,000 ሰው በላይ ይጠይቃል። ተሳፋሪ በማብዛት ብቻ ይህን ክፍተት መሙላት አይቻልም።

ብሩ ቢኖር እንኳ ባንክ ዶላር ከሌለው ዕቃው አይመጣም። ስለዚህ ለመለዋወጫ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ በየዓመቱ ተለይቶ እንዲያዝ ከብሔራዊ ባንክ ጋር አስቀድሞ መስማማት ይገባል። ቀላል የሆኑትን ክፍሎች አገር ውስጥ ማሠራትም ሸክሙን ይቀንሳል። ትኬቱ ለሠራተኛው ሕዝብ ርካሽ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ልዩነቱን የሚሸፍነው ድጎማ ከየት እንደሚመጣ ግን በጽሑፍ መታወቅ አለበት።

በየዓመቱ በጀት መለመን

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ1976 ተከፈተ፤ ለካፒታል ወጪው (ለእድሳትና ለአዲስ ዕቃ) ግን ዲሲ፣ ሜሪላንድ እና ቨርጂኒያ በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር በቋሚነት ለመመደብ የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በየዓመቱ በሚወሰን በጀት የሚኖር ተቋም ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቆርጠው ጥገናን ነው፤ ዛሬ ያልተቀየረ ሐዲድ ዛሬ አይታይምና። እ.ኤ.አ. በ2016 የሜትሮው የተከማቸ ጥገና መስመር እየዘጉ ለአንድ ዓመት ያህል መሥራትን ጠይቋል።

ገንዘቡን በቁርጥ መጠን መወሰን

የዋሽንግተኑ ስምምነትም ጉድለት ነበረው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከዋጋ ንረት ጋር አብሮ አያድግም፤ ለካፒታል ሥራ የተለየ በመሆኑም የሾፌር ደመወዝ አይከፍልም። በዚያው ዓመት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሥራ ማስኬጃ ድጎማው በዓመት ከ3 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣሉ። የኮቪድ ወረርሽኝ ተሳፋሪውን ሲያሸሽና የፌዴራሉ የእርዳታ ገንዘብ ሲያልቅ ሜትሮው ለ2025 (እ.ኤ.አ.) በጀት ዓመት የ750 ሚሊዮን ዶላር ጉድለት ተጋረጠበት።

ፓሪስ የተሻለ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ቀጣሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ የተወሰነ በመቶ ለትራንስፖርት ያዋጣሉ፤ ደመወዝ ሲያድግ መዋጮው ያለ አዲስ ክርክር ያድጋል። ሕግ ሲረቀቅ መጠን ሳይሆን በመቶኛ ይጻፍ።

የመሬቱን ዋጋ ሌላው ከወሰደው በኋላ መጠየቅ

ባቡር በሚያልፍበት አካባቢ የቦታ ዋጋ ይንራል፤ ያ ጭማሪ የመጣው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ለንደን ለኤልዛቤት የባቡር መስመር ግንባታ ከትልልቅ የንግድ ቤቶች ተጨማሪ ግብር መሰብሰብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን መስመሩ የተከፈተው በ2022 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተማ መሬት በሊዝ የሚያስተላልፈው መንግሥት ስለሆነ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል፦ መስመሩ ከመታወጁ በፊት በየጣቢያው ዙሪያ ያለው ቦታ ይለይ፣ ከዚያ የሚገኘው የሊዝ ገቢ የተወሰነ ድርሻ በደንብ ተደንግጎ ለባቡሩ ጥገና በተለየ ሒሳብ ይግባ። ቦታው አንዴ በጨረታ ከተላለፈ በኋላ ግን የቀረው መንገድ ግብር ብቻ ነው፤ እሱም ከገዢዎቹ ጋር ዓመታት ያከራክራል።